«ጂጂ» (አልበም)

ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 እ.ኤ.አ. በፓልም ፒክቸርስ በኩል ያወጣችው አልበም። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቤዝ ጊታሪስት ቢል ላስዌል ነው፤ የሮክ ባንዱን የሞተርሄድን «ኦርጋስማትሮን»፣ በኋላም የአዲስ አበባውን የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባሉትን አልበሞች የሠራ ሰው። የጃዝ ሙዚቀኞቹ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ አጅበዋታል። ይሁንና የአልበሙ ጉልበት በእንግዶቹ ዝና ሳይሆን ጎጃም ቻግኒ ተወልዳ ባደገችው ሴት ድምፅ ላይ ያረፈ ነው።

ዜማው ለጆሮ ይጥማል፤ ጉዳዩ ግን ከባድ ነው። «ዓድዋ» ከድል ፉከራ ይልቅ የሞቱትን ያስባል፦ የዛሬው ሰው በሕይወት የቆመው በእነሱ ደም መሆኑን። ስለ ጦርነት ከተዘፈኑት ብዙዎቹ የሚሸሹትን ሐዘን ፊት ለፊት ይዞ ይቀመጣል። «ናፈቀኝ» የስደተኛ ናፍቆት ነው። «አባይ» ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ወጥቶ፣ ጢስ እሳት ላይ ተወርውሮ ወደ ባዕድ በረሃ የሚነጉደውን ወንዝ ያሞግሳል፤ እያሞገሰም ይወቅሰዋል። የጎጃም ገበሬ አፈሩን ይዞበት ለሚሄደው ወንዝ ያለው ስሜትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ላስዌል የአልበሙን ቅጂዎች ደብ በተባለው የሬጌ ስልት መልሶ አቀናብሮ በ2003 እ.ኤ.አ. «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል አውጥቷቸዋል።