«የለም» ብዬ ነበር፤ አለ፦ ስለ ዩብዶ ፕላቲነም

ወዳጆቼ፣ በተለይ ደሴ ላይ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ የቆየ ዕዳ ልከፍል ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ፔሪዮዲክ ቴብሉ ላይ ቁጥር 78 ስንደርስ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ፕላቲነም እኛ አገር አለ?» አለኝ። እኔም ሳላጣራ «የለም፣ እሱ የሩሲያና የደቡብ አፍሪካ ነው» ብዬ ወደ ወርቅ አለፍኩ። ተሳስቼ ነበር።

ስህተቴን ያወቅኩት ጡረታ ወጥቼ ነው። እህቴ ታማ የካንሰር መድኃኒት ስትጀምር ብልቃጡ ላይ «ሲስፕላቲን» የሚል አነበብኩ። እያንዳንዷ ሞለኪውል መሃሏ ላይ አንድ የፕላቲነም አቶም አለ። ማታ ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለዚህ ብረት ሳነብ ዩብዶ ላይ ደረስኩ።

ዩብዶ ምዕራብ ወለጋ፣ ከጊምቢ ደቡብ ምዕራብ፣ ብርብር ወንዝ አካባቢ ነው። በምኒልክ ዘመን አልቤርቶ ፕራሶ የሚባል ጣሊያናዊ ወርቅ ፍለጋ ወደ ወለጋ ገባ። ወርቅ የፈለገው ሰው በኋላ ፕላቲነም አገኘ፤ የዩብዶ ምርትም በ1926 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ጊዜው ገበያው የጠማው ጊዜ ነበር። የዓለምን ፕላቲነም በብዛት ታወጣ የነበረችው ሩሲያ ነበረች፤ በጦርነቱና በአብዮቱ ምክንያት ምርቷ ወድቋል። ስለ ኡራል ፕላቲነም ትልቅ መጽሐፍ የጻፈው የጄኔቫው ሊቅ ሉዊ ዱፓርክም ፊቱን ወደ ብርብር አዞረ።

ታዲያ ብረቱ እዚያ እንዴት ተገኘ? ከምድር ጥልቅ የመጣ ዱናይት የሚባል ድንጋይ አለ፤ አብዛኛው አረንጓዴ ኦሊቪን ነው። ከውስጡ ክሮማይት፣ ማግኔታይትና ከብረት ጋር የተቀላቀለ ፕላቲነም በጥቂት በጥቂቱ ተበትኗል። የወለጋ ዝናብና ሙቀት ድንጋዩን ለብዙ ዘመን አበሰበሰው። ማግኒዥየሙ በውሃ ታጥቦ ሄደ፣ ቀይ አፈር ቀረ። ፕላቲነም ግን አይዝግም፣ አይሟሟም፤ ቅንጣቶቹ እዚያው አፈሩ ውስጥ ቀሩ። ንጹሕ ፕላቲነም ከውሃ 21 እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ አፈሩ በውሃ ሲታጠብ ቀላሉ ይሄዳል፣ ጥቁር አሸዋና ፕላቲነም ከታች ይቀራል። ከዚያ ማግኔታይቱን በማግኔት ማንሳት ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ዴንሲቲ ስለፈልፍ የነበረው ይኸው ነው እንግዲህ!

ሌላም ነገር አለ። ከዱናይቱ አንዳንዱ በሲሊካ ተተክቶ ጠጣር ቡናማ ድንጋይ ሆኗል። ዱፓርክና ባልደረቦቹ በ1927 እ.ኤ.አ. በወንዛችን ስም «ብርብራይት» አሉት። ይህ ስም ዛሬም በዓለም የሥነ ምድር መጻሕፍት ውስጥ አለ። እኛ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ጣሊያን አገሪቱን ሲወርር ማዕድኑም በእጁ ገባ። ከነፃነት በኋላ ሥራው አንዴ ሲቆም አንዴ ሲቀጥል ቆይቶ ተዳከመ። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የሚታጠበው ሀብታሙ አፈር ነው፤ እሱ ሲያልቅ የሚቀረው ጠጣሩ ዱናይት ነው፣ እዚያ ውስጥ ያለው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ዩብዶ ሥራ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1924፣ ሃንስ ሜሬንስኪ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዓለምን ትልቁን የፕላቲነም ክምችት አግኝቶ ነበር። በቃ፣ ወንዝ ዳር የሚታጠብ አፈር ከዚያ ጋር እንዴት ይወዳደራል?

«ለምን ወሎ ላይ የለም?» የምትሉኝ አትጠፉም። ጦሳን ተመልከቱት። ደሴ የተቀመጠችው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ በረጋ ባዛልት ላይ ነው። የወለጋው ድንጋይ ግን ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ያረጀ ነው፤ እዚያ ፊቱን አውጥቷል፣ እኛ ጋ ያረጀው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራው ሥር ተቀብሯል። ግን አንከፋም፤ የደላንታን ኦፓል የሰጠን ያው እሳተ ገሞራ ነው።

የእህቴ መድኃኒት ውስጥ የገባው ከዩብዶ የወጣ ነው አልልም። ያንን ማንም አያውቅም። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አፈሩን አጥበን ቅንጣቱን በኪሎ ሸጥን፤ ዛሬ ያው ብረት በሚሊግራም ተለክቶ፣ መድኃኒት ሆኖ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይመጣል። በመካከል ያለው ልዩነት ዕውቀት ነው። የዕውቀቱ መጀመሪያ ደግሞ የክፍል ጥያቄ ነው፤ እኔ በአንድ ቃል የዘጋሁት ዓይነት ጥያቄ።

ዛሬ መምህር የሆናችሁ ልጆቼ፣ ያላወቃችሁትን ስትጠየቁ «ላጣራና ነገ እነግርሃለሁ» በሉ። ክብር አይቀንስም።

እህቴ አልሐምዱሊላህ እየተሻላት ነው። «አብሽር፣ ልጁን ፈልገህ ንገረው» ያለችኝም እሷው ናት። ስሙን ረስቼዋለሁ፤ መስኮቱ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ይህን ካነበብክ፣ ልጄ፣ መልሱ «አለ» ነው። አፉ በለኝ።