የጆሮ እውነት በቪዲዮ ጨዋታ

«ማየት ማመን ነው» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዓይን ትልቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ሌሊት ከቤታችን ውጭ ኮቴ በሰማን ጊዜ፥ የመጣው ሰው ወይም ከብት፥ በቅርብ ወይም በሩቅ፥ በግራ ወይም በቀኝ መሆኑን መብራት ሳናበራ የሚነግረን ጆሯችን ነው። ይህን የጆሮ ዕውቀት ሰው በሠራው ጨዋታ ውስጥ ለማስገባት ምን ያህል እንደ ተደከመ፥ ከቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ጥቂቱን ለአንባብያን ለማቅረብ እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1972 ዓ. ም. አሜሪካዊው መሐንዲስ ሚስተር አለን አልኮርን፥ አታሪ ለተባለው ኩባንያ «ፖንግ» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ሚስተር ኖላን ቡሽኔል የሕዝብ ጩኸት እንዲሰማበት ጠየቁ። ነገር ግን መሐንዲሱ ለዚህ የሚበቃ መሣሪያ ስላልነበራቸው፥ ሥዕሉን ለማስተካከል አስቀድሞ በውስጡ ከነበረው የኤሌክትሪክ ዑደት ድምፅ ፈልገው አገኙ፤ ኳሷ በተመታች ቁጥርም እንዲሰማ አደረጉ። ይህ ድምፅ የእውነተኛ ኳስ ድምፅ አልነበረም፤ ቢሆንም የኳሷን መመታት ሳያሳስት ለተጫዋቹ ያስታውቅ ነበር። ከዚያም የኮምፒዩተር ኀይል እያደገ ሲሄድ፥ የእውነተኛ በርና የእውነተኛ ኮቴ ድምፅ ቀድቶ ማስገባት ተቻለ።

ይሁን እንጂ መቅዳት ብቻውን እውነትን አያመጣም። የአንድ ዲያቆን ዜማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፥ በጠባብ ጓዳና በሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይሰማም። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከግድግዳ ነጥሮ ይመለሳል፤ መጋረጃና ምንጣፍ ይውጡታል። ከቀኝ የመጣ ድምፅም ቀኝ ጆሮን ከግራው ቀድሞ ይደርሰዋል፤ ልዩነቱም የሴኮንድ አንድ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም። ይህ እጅግ ጥቂት ልዩነት የድምፅን አቅጣጫ ለማወቅ እንደሚረዳ እንግሊዛዊው ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1907 ዓ. ም. አስረድተዋል።

እንዲህ ያለውን የድምፅ ጠባይ ለጨዋታ መሠረት ካደረጉት አንዱ፥ በ1998 ዓ. ም. ሉኪንግ ግላስ ስቱዲዮስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው «ቲፍ» ነው፤ ትርጓሜውም ሌባ ማለት ነው። ተጫዋቹ በጨለማ ተሸሽጎ ወደ ባለጸጎች ቤት ይገባል። በብረትና በሸክላ ንጣፍ ላይ ሲራመድ ኮቴው ይጮኻል፤ በምንጣፍና በሣር ላይ ግን ዝግ ይላል። ዘበኛ ከሰማው ሊፈልገው ይመጣል። ድምፅም ግድግዳ ጥሶ አይመጣም፤ በክፍሎችና በበሮች ዞሮ ይደርሳል እንጂ። ስለዚህ ድምፅ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ዳኛ ሆነ።

በዚያው ዘመን አውሪያል የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ፥ ድምፅ ከየግድግዳው ነጥሮ የሚመለስበትን መንገድ የሚያሰላ የድምፅ መሣሪያ አወጣ። ነገር ግን ተወዳዳሪው ክሪኤቲቭ በ1998 ዓ. ም. ስለ ፈጠራ መብት ከሰሰው። አውሪያል በ1999 ዓ. ም. ክሱን ረታ፤ ሆኖም የክርክሩ ወጪ አድክሞት ስለ ነበር በ2000 ዓ. ም. ከሰረ፤ ንብረቱንም ያው ከሳሹ ገዛው። ሉኪንግ ግላስም በዚያው ዓመት በገንዘብ እጦት ተዘጋ። ሙግት መርታትና በሥራ መዝለቅ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

ቢሆንም ጥበቡ ከባለቤቶቹ ጋር አልተቀበረም። በ2016 ዓ. ም. የወጣው «ጊርስ ኦፍ ዎር 4»፥ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የድምፅን ሞገድ ጉዞ አስቀድመው በማስላት ያዘጋጁትን ዘዴ ተጠቀመ። በ2020 ዓ. ም. ደግሞ «ዘ ላስት ኦቭ አስ» የተባለው ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል፥ ዓይነ ስውራን በድምፅ ምልክት እየተመሩ እንዲጫወቱት ተደርጎ ወጣ።

እነሆ፥ ለዓይነ ስውሩ ተጫዋች የሚሰማው ምልክት እንደ ፖንግ ድምፅ በተፈጥሮ የሌለ ነው፤ ነገር ግን አያታልለውም። እንግዲህ እኛ እንደሚመስለን፥ የድምፅ እውነትነት የሚመዘነው ተፈጥሮን በመምሰሉ ብቻ አይደለም፤ የሰማው ሰው አምኖት አንድ እርምጃ ለመራመድ በመቻሉም ነው። ማየት ማመን ከሆነ፥ መስማትም ባለሙያው ከታመነ ማመን ይሆናል።