ወደ ጎንና ወደ ታች
(ስለ ዕለታዊ ጥቅስና ስለ መስቀለኛ ቃላት ታሪክ)

ጋዜጣን ከኋላ ገጹ የሚጀምር ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ጸሐፊም ከነዚያ አንዱ ነው። የፊት ገጹ ዜና ይቆያል፤ የትም አይሄድም። የኋላው ግን ቶሎ ካልደረሱበት አንዱ ቀድሞ በእስክሪብቶ ይሞላዋል። ከላይ «የዕለቱ ጥቅስ» ይቀመጣል፤ ከሥሩ ጥቁርና ነጭ ሳጥን ያለው መስቀለኛ ቃላት ይከተላል። ጥቅሱን አንብቦ «እውነት ነው!» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መስቀለኛው ግን ሻዩን ያቀዘቅዛል፤ አንዳንድ ቀንም ክፍለ ጊዜ ያስረሳል።

ሁልጊዜ ጎረቤት ሆነው ስለምናያቸው ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ይመስሉናል። አይደሉም። ታሪካቸውም ጠባያቸውም ለየቅል ነው። ልዩነታቸው ደግሞ ታሪክና ቋንቋ እናጠናለን ለምንል ሰዎች የሚያስተምረው ነገር አለው ባይ ነኝ። ይህን ያስተዋልኩት ግን በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ስለ ፈረንሳይ አብዮት መንስኤዎች አንድ ወረቀት ጻፍኩ። መግቢያዬን ያሳመርኩት በቮልቴር ነበር፤ የማንስማማበት ሰው እንኳ ሐሳቡን እንዲናገር ስለ መሟገት በምትናገረው በዚያች በታወቀች ቃል። ከጋዜጣ ገልብጬ በማስታወሻ ደብተሬ ያቆየኋት ነበረች። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም ሁለት ቃል ብቻ ሰፍሯል፤ «የት ገጽ?» ይላል። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ፈለግሁ። ለካስ የቮልቴር አይደለችም! የጻፈቻት እንግሊዛዊቷ ኤቭሊን ቢያትሪስ ሆል ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1906 በታተመው «የቮልቴር ወዳጆች» በተባለው መጽሐፏ የሰውየውን አቋም በራሷ አነጋገር ስታስረዳ። ቮልቴር የሞተው በ1778 ነው። እኔ ደግሞ የ1906ን ሴት የ1789ን አብዮት መንስኤ አድርጌያት አረፍኩ።

ታዲያ ይህ ስሕተት እንዴት ይመጣል? ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያሻል።

ጥቅስ መልቀም የጋዜጣ ፈጠራ አይደለም። ኤራስመስ እ.ኤ.አ. በ1500 ፓሪስ ውስጥ ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የለቀማቸውን 800 ያህል አባባሎች አሳተመ። ዕድሜ ልኩን ሲጨምርባቸው ኖሮ ከ4,000 በላይ አደረሳቸው። በዚያው ዘመን ግድም፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በእኛ አገር አባ ሚካኤል «መጽሐፈ ፈላስፋ»ን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። እነ ሶቅራጥስ፣ እነ አፍላጦን፣ እነ ሰሎሞን በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የሚመክሩበት መጽሐፍ ነው። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ አቅርበውታል። እንዲህ ያለው ምክር ከግሪክ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ሲሻገር በመንገድ ላይ ባለቤቱን የቀየረ ብዙ ነው። ለመነኩሴው ይህ ነውር አልነበረም። እርሱ የሚፈልገው ምክሩን ነው እንጂ የመካሪውን መታወቂያ አይደለም። በየቀኑ አንድ ንባብ የሚለው ልማድም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ስንክሳር የዕለቱን ቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ ሲያስነብብ ስንት መቶ ዓመት አልፎታል።

«ማን አለው? የት አለው?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ሥራ የያዘው ሰው ጆን ባርትሌት ይባላል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፣ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ መጽሐፍ ሻጭ ነበር። ተማሪውም መምህሩም አንድ አባባል ከየት እንደመጣ ሲጠፋው «ባርትሌትን ጠይቀው» ይባባል ነበር። ሰውየው የሰበሰበውን እ.ኤ.አ. በ1855 በመጽሐፍ አወጣው፤ መጽሐፉም እየታደሰ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ሌላው ትልቅ ለቃሚ ቶልስቶይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን የሚሆን የጠቢባን ሐሳብ አሳተመ፤ ከዚያም አስፋፋው። ቶልስቶይ ግን የሰዎቹን ቃል ሲያሻው እንዳሳጠረና እንደለወጠ ራሱ በመቅድሙ ተናግሯል። እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው፤ ባርትሌት ምንጩን ይፈልጋል፣ ቶልስቶይ ውኃውን ይጠጣል። የጋዜጣው ጥቅስ የተከተለው የቶልስቶይን መንገድ ነው፤ ያውም ያለ መቅድም።

አሁን ወደ ጎረቤትየው እንለፍ።

መስቀለኛ ቃላት ልደቱ የታወቀ ነው። አርተር ዊን የተባለ የሊቨርፑል ተወላጅ «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ የመዝናኛ ገጽ ያዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 ለወጣው የእሑድ እትም በአልማዝ ቅርጽ ሳጥን ሠርቶ አቀረበ። ያወጣለት ስም «ቃል-መስቀል» የሚል ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ፊደል ለቃሚ ተሳስቶ «መስቀል-ቃል» ብሎ ገለበጠው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ስሕተት የሰየመው ጨዋታ ስሕተትን አጥብቆ የሚቀጣ መሆኑ ይገርማል።

ለአሥር ዓመት ያህል ጨዋታው የሚወጣው በጋዜጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ሳይመንና ሹስተር የተባሉ ሁለት ጀማሪ አሳታሚዎች በመጽሐፍ መልክ አወጡት፤ እርሳስም አንጠለጠሉበት። ገበያው ያሳፍረናል ብለው ስለፈሩ የራሳቸውን ስም እንኳ አልጻፉበትም፤ በመጀመሪያ ያሳተሙትም 3,600 ቅጂ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት አሜሪካ በመስቀለኛ ቃላት አበደች ማለት ይቻላል፤ የባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር ለተሳፋሪዎቹ መዝገበ ቃላት እስከ ማስቀመጥ ደረሰ። «ኒው ዮርክ ታይምስ» ግን ነገሩን ጊዜ ማባከን ነው ሲል በርዕሰ አንቀጹ ወቀሰ። ዓመታት አለፉ፤ ጦርነት መጣ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች ከሁለት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 1942፣ ያው ጋዜጣ የራሱን መስቀለኛ ጀመረ። የፊት ገጹ እሳት ሲሆን አንባቢው የሚያርፍበት ጥግ አስፈልጎት ነበር። አዘጋጇ ማርጋሬት ፋራር ነበረች፤ በ«ወርልድ» ጋዜጣ በጸሐፊነት ጀምራ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ካዘጋጁት ሦስት ሰዎች አንዷ የሆነች ሴት።

እንግሊዞች ጨዋታውን ሲወስዱ ጠባዩን ለወጡት። ከ1926 እስከ 1939 «ኦብዘርቨር» በተባለው ጋዜጣ ላይ ኤድዋርድ ፓውይስ ማዘርስ የተባለ ገጣሚና ተርጓሚ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም መስቀለኛ ያወጣ ነበር። ቶርኬማዳ የስፔን መናፍቃን አሳዳጅ፣ የግርፋት አለቃ ነው፤ ስሙን መርጦታል! በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፍንጩ ውጫዊ ትርጉም አለው፣ መልሱ ግን ከውስጥ ተደብቋል። ይህ ለእኛ ምን አዲስ ነገር ነው? ሰምና ወርቅ እኮ ነው! ነገሩን በአማርኛ ልሞክረው፦ «የሰማ ሰው ወደ ኋላ ቢዞር ቆፈረ፤ ሁለት ፊደል»። ሰሙ አንድ ሰው ወሬ ሰምቶ ዞሮ ጉድጓድ ሲቆፍር ነው። ወርቁ ግን «ሰማ»ን ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ነው፤ «ማሰ» ይሆናል፣ ማሰ ማለትም ቆፈረ። የቅኔ ተማሪ በጋዜጣ ፈንታ የመምህሩን ፊት እያየ ሲፈታው የኖረ ነገር ነው። እኛ ልጆች ሆነንም «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ስንባባል ያልቻለው አገር ይሰጥ ነበር፤ የጋዜጣው ደግሞ መልሱ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ያ እትም ካመለጠን አገር ሰጥተንም መልስ የለ።

የመስቀለኛው ትልቁ ታሪክ ግን በጦርነቱ ውስጥ የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1942 «ዴይሊ ቴሌግራፍ» መስቀለኛውን ከ12 ደቂቃ በታች የሚፈታ ይምጣ ብሎ ውድድር ጠራ። ከሁሉ ቀድሞ የጨረሰው ሰው በአንድ የፊደል ግድፈት ተሰረዘ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹን የጦር ሚኒስቴሩ በኋላ በደብዳቤ ጠርቶ የጀርመንን የምስጢር ጽሑፍ ወደሚፈታው ወደ ብሌችሊ ፓርክ ወሰዳቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ጋዜጣ ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ። በግንቦትና በሰኔ 1944 መልሶቹ ውስጥ «ዩታ»፣ «ኦማሃ»፣ «ኦቨርሎርድ»፣ «መልበሪ»፣ «ኔፕቲዩን» ተራ በተራ ብቅ አሉ። እነዚህ ሁሉ ሰኔ 6 ቀን ለሚደረገው የኖርማንዲ ዘመቻ የምስጢር ስሞች ነበሩ! የጸጥታ ሰዎች አዘጋጁን፣ ሌናርድ ዶው የተባለውን የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ መረመሩት። ስለ ዘመቻው አንዳች አያውቅም፤ ለቀቁት። ብዙ ዓመት «አጋጣሚ» ሲባል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1984 ግን አንድ የቀድሞ ተማሪው ሳጥኑን ተማሪዎች እንዲሞሉ ዶው ይፈቅድላቸው እንደነበር፣ ቃላቱንም በአካባቢው ከሰፈሩት ወታደሮች ሰምቶ እንዳስገባቸው ተናገረ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ይህም የአንድ ሰው ቃል ነው፣ ያውም ከ40 ዓመት በኋላ።

በአማርኛ መስቀለኛው ሌላ ፈተና አለበት። በላቲን ፊደል «ኢትዮጵያ» ስምንት ሳጥን ይፈጃል፤ በእኛ አምስት ይበቃዋል። ነገር ግን 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ቤት ስላላቸው ሁለት ቃላት የሚገናኙት ድምፁም ቤቱም አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ዕብራይስጥ አናባቢውን ስለማይጽፍ እዚያ መስቀሉ ይቀላል። ከዚያ የሞክሼ ፊደላት ጣጣ አለ። ወደ ታች «ንጉሥ»፣ ወደ ጎን «ስንዴ» ቢመጣ በመጋጠሚያው ሳጥን ውስጥ የቱ ይግባ? አንዱ «ሥ» ይላል፣ ሌላው «ስ» ይላል፤ ጠረጴዛው ላይ ክርክር ይነሣል። ስለ ፊደል ያህል የምንከራከረው በክፍል ውስጥ አይደለም፤ በጋዜጣው የኋላ ገጽ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ የማወዳድረው ይህን ነው። በመስቀለኛ ውስጥ ብቻውን የቆመ ቃል የለም ማለት ይቻላል። ወደ ጎን እርግጠኛ ሆኜ የጻፍኩትን ወደ ታች የሚመጣው ያፈርሰዋል። «ያምራል» ተብሎ አይታለፍም፤ ካልገጠመ ይሰረዛል። ጥቅስ ግን የሚያቋርጠው የለም። ባማረ ክፈፍ ብቻውን ተቀምጦ ከሥሩ አንድ ትልቅ ስም ይጻፍበታል፤ እኛም ስሙን አምነን ቃሉን እንወስዳለን። የቮልቴርን ጥቅስ ስገለብጥ የጎደለኝ የሚያቋርጠው መስመር ነበር። 1778 እና 1906 በአንድ ሳጥን ውስጥ አይገቡም።

ጥቅስ አይነበብ ማለቴ አይደለም። እኔም ደብተሬን አልጣልኩትም፤ አሁንም በየጠዋቱ እጨምርበታለሁ። አዲሱ ልማዴ ይህ ብቻ ነው፤ ቃሉን ወደ ጎን ከጻፍኩ በኋላ ወደ ታች «ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መጽሐፍ» ብዬ እሞላለሁ። የማይሞላው ብዙ ነው። ለእሱ ሳጥኑን ባዶ እተወዋለሁ፤ ወረቀት ላይም አላወጣውም።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ደግሞ አንዱ ዓመተ ምሕረት ወይም አንዱ ስም አልገጥም ቢለው ኅዳጉ ላይ ይጻፍልኝ። ብቻ በእርሳስ ይሁን፤ መጽሔቷን ከእሱ በኋላ የሚያነባት አለ።