ፍጻሜውን ሳያዩ መፍረድ

ሰው የጀመረውን ነገር መጨረሻ ሳያውቅ መተኛት የማይወድ ፍጡር ነው። ተረት የሚሰማ ሕፃን «ከዚያስ?» እያለ ይጠይቃል፤ ሙግት ሲሰማ የዋለ ሰውም «ማን ረታ?» ሳይል ወደ ቤቱ አይመለስም። ይህ ጠባይ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ዕውቀት ሁሉ የሚጀምረው ከመጠየቅ ነውና። ነገር ግን የነገሩን ፍጻሜ ለማወቅ መጓጓት አንድ ነገር ነው፤ ፍጻሜውን በራስ ግምት ፈጥሮ እንደ እውነት ይዞ መቆም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነት በከተማችን በአዲስ አበባ ከታየ አንድ ምሳሌ ተነሥተን እንመረምራለን።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሥርጭቱ ከአዲስ አበባ አያልፍም ነበር፤ መሣሪያውም የሚገኘው በጥቂት ሰዎች ቤት ነበር። ስለዚህ በቂርቆስና በካዛንችስ፥ እንደ ሌላውም ሰፈር ሁሉ፥ ቴሌቪዥን ለብዙ ዘመን የጎረቤት የጋራ ንብረት መስሎ ኖረ። ካዛንችስ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው። ከእነዚያ ቤቶች ጋር በኋላ የተጨመሩት ጠባብ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ስለ ነበሩ፥ በአንዱ ቤት የተከፈተው ድምፅ በሌላው ቤት ይሰማል። መሣሪያ የሌለው ካለው ዘንድ ሄዶ በበርጩማ ተቀምጦ ያያል፤ ቦታ ያጣም በበሩ ቆሞ ያያል። ያየውንም በማግሥቱ በቡና ላይ ያወራል።

«ሰው ለሰው» የሚባለው ተከታታይ ድራማ በ2004ና በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፥ ይህ የማውራት ልማድ ከፍ ያለ ደረጃ ደረሰ። በድራማው ውስጥ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የሚባል ባለጠጋ አለ። ይህ ሰው በአደባባይ የተከበረ፥ በስውር ግን ግፍ የሚሠራ ነው። ተመልካቹ ወንጀሉን ያውቃል፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን አያውቁም። እንግዲህ የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆነ፤ ይኸውም «የአስናቀ መጨረሻ ምን ይሆን?» የሚል ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የሚሰጠው መልስ በአራት ሊከፈል ይችላል። አንዱ «ፖሊስ ማስረጃ ሰብስቦ ለፍርድ ያቀርበዋል» ይላል። ሁለተኛው «ከበደላቸው ሰዎች አንዱ ይገድለዋል» ይላል። ሦስተኛው «እግዚአብሔር በበሽታ ወይም በሌላ መቅሠፍት ይበቀለዋል» ይላል። አራተኛው «ምንም አይደርስበት፤ ገንዘብ ያለው ሰው መቼ ተይዞ ያውቃል?» ብሎ ይስቃል። ልብ ብለን ብንመለከት እነዚህ አራት መልሶች ስለ አስናቀ የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ ስለ ተናጋሪው ግን ብዙ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ሕግን ያምናል፤ ሁለተኛው ደም መመለስን፤ ሦስተኛው የሰማይን ፍርድ፤ አራተኛው ግን ተስፋ ቆርጧል። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ሰዎች ስለ ድራማ ፍጻሜ ሲከራከሩ፥ ሳያስቡት ስለ አገራቸው ፍትሕ መከራከራቸው ነው።

ይህ ጉዳይ በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት ወር 1980 በአሜሪካ «ዳላስ» በሚባለው ተከታታይ ድራማ ጄ. አር. የሚባለው ክፉ ባለጠጋ በጥይት ተመታ፤ ማን እንደ መታው ግን እስከ ኅዳር ድረስ ተደብቆ ቆየ። ምሥጢሩ በተገለጠ ሌሊት 83 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን ተመልክተዋል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ «የመታው እገሌ ነው» እያሉ በገንዘብ የተወራረዱ ነበሩ።

ከዚያም በፊት ታላቁ እንግሊዛዊ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ፥ ኤድዊን ድሩድ ስለሚባል ስለ ጠፋ ወጣት በ12 ክፍል ሊጽፍ ካሰበው መጽሐፍ 6ቱን ክፍል ብቻ ጨርሶ በ1870 ሞተ። ፍጻሜው ከደራሲው ጋር ስለ ተቀበረ አንባቢዎች እስከ ዛሬ ይገምታሉ። በ1914 በለንደን የታወቁ ጸሐፊዎች ተሰብስበው፥ በመጽሐፉ የሚጠረጠረውን ሰው በጨዋታ ፍርድ ቤት አቀረቡት። ቼስተርተን ዳኛ፥ በርናርድ ሾው የፍርድ ሸንጎው አለቃ ሆኑ። ሾውም ተነሥቶ፥ ሸንጎው ውሳኔውን ገና በምሳ ሰዓት ማዘጋጀቱን እየቀለደ ተናገረ። አዳራሹ ሳቀ፤ ተከሳሹ የወረቀት ሰው ነበርና ማንም አልተጎዳም። ይሁን እንጂ ቀልዱ የሚወጋ ነው፤ ማስረጃ ሳይሰማ በምሳ ሰዓት የሚፈርድ ሸንጎ በእውነተኛው ዓለምም እንዳይኖር ያስፈራልና።

በአገራችን ታሪክም ወንጀለኛን ለማወቅ የነበረው ችኮላ የሚያስተምረን ነገር አለ። ቀድሞ ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መጠጥ ይሰጠውና በመቀነት ተይዞ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው አንተ ነህ» ተብሎ የጠፋውን ንብረት ይከፍላል። ደግሞም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ነበር። ጥፋት ያደረሰው ሰው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ሁሉ በሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛውም እስኪገለጥ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። አፈርሳታ ሰውን ሁሉ በእኩል ስለሚጠይቅ መልካም ጎን ነበረው። ነገር ግን የራበውና የደከመው ሕዝብ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲል ጥፋቱን ዘመድ በሌለው ሰው ላይ እንዳይጥል የሚከለክለው ምን ነበር? ሰዎቹ የፈለጉት ፍጻሜ እንጂ እውነት ካልሆነ፥ ፍጻሜውን ማግኘት ቀላል ነው።

ከዚህ በተቃራኒ በመጽሐፈ ሶስና የምናገኘውን ወጣት ዳንኤልን እንመልከት። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት መሰከሩ፤ ጉባኤውም አምኖ ሞት ፈረደባት። ለሁሉም ነገሩ አልቆ ነበር። ዳንኤል ግን ሁለቱን ለየብቻ አድርጎ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሌላውም ሌላ ዛፍ ጠራ፤ ሐሰቱም ተገለጠ። እዚህ ላይ ወጣቱ ከሽማግሌዎቹ የበለጠው በእርጅና ወይም በማዕረግ አይደለም፤ ሌላው ሰው ጨርሻለሁ ባለበት ቦታ እርሱ አንድ ጥያቄ በመጨመሩ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። «ሰው ለሰው» በሚታይበት ዘመን በዚያው ቴሌቪዥን ሌላ ዓይነት ፊልም ቀርቦ ነበር። በ2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ»፥ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚባሉ ዘጋቢ ፊልሞች፥ በሽብር የተከሰሱና ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት የነበረ ሰዎችን ለሕዝብ አሳዩ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ግን የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አስናቀን በወንጀለኛነት መመልከት ማንንም አይጎዳም፤ ደራሲው ወንጀሉን ራሱ አሳይቶናልና። ነገር ግን ሕያው ሰው በዚያው መስኮት ሲቀርብ ተመልካቹ ዓይኑን አልለወጠም፤ ድራማ ባየበት ዓይን ክስን አየ። በድራማ ውስጥ የምናየው ሁሉ የታሪኩ እውነት ነው፤ በክስ ውስጥ ግን የምናየው አንዱ ወገን ያሳየንን ብቻ ነው።

በግምት መፍረድ ከዚህም አልፎ ደም ያፈስሳል። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም በሜጫ፥ አዲስ ዓለም በምትባል ቦታ፥ ለጥናት የሄዱ ሁለት ሰዎች «ሕፃናትን ሊመርዙ መጡ» በሚል ወሬ በሕዝብ እጅ ተገደሉ። ወሬውን የሰሙት ሰዎች ታሪኩን በልባቸው ጨረሱት፤ ፍርዱንም በእጃቸው ፈጸሙት። ዳንኤል እንዳደረገው አንድ ጥያቄ የሚጨምር ሰው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ሁለት ነፍስ በዳነ ነበር።

በካዛንችስ ጠባብ ቤት አብረው የሚያዩ ጎረቤቶች አንድ ጥቅም ነበራቸው። አንዱ «እገሌ ነው ገዳዩ» ሲል ሌላው «አይደለም፤ በምን አወቅህ?» ይለው ነበር። ግምት በግምት ይታረም ነበር። ያ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከጎረቤቶቹ ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተኑ። ዛሬ ብዙ ሰው ድራማውንም ወሬውንም በስልኩ ብቻውን ያያል። ስልኩም ብዙ ጊዜ የሚያመጣለት እንደ እርሱ የሚያስቡትን ሰዎች ነው። «በምን አወቅህ?» የሚል ጎረቤት ሲጠፋ፥ ይህን ጥያቄ ሰው ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል።

ወጣቶች ሆይ፥ ድራማ ስታዩ ፍጻሜውን ገምቱ፤ ተከራከሩም። አሳብን ያሠለጥናል፤ ብትሳሳቱም የሚከፈል ዋጋ የለውም። ግን ከዚያው ጨዋታ አንድ ትምህርት ያዙ። ስንት ጊዜ «አወቅሁት» ብላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ታሪኩ ሌላ ሆኖ አግኝታችሁታል? ደራሲ በጻፈው ትንሽ ታሪክ እንዲህ የምንሳሳት ከሆነ፥ ስሙና ፎቶግራፉ በየስልኩ ስለሚዞር ጎረቤታችን ለመፍረድ ምን ያህል መዘግየት ይገባናል? የሰው ስም እንደ ብርጭቆ ነው፤ ከተሰበረ በኋላ «ተሳስቼ ነበር» ማለት አይጠግነውም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። የሌሊቱን ርዝመት መታገሥ ያልቻለ ሰው በጨለማ የነካውን ሁሉ ሌባ ይለዋል። እስኪነጋ የሚታገሥ ግን የሰውን ፊት በብርሃን ያያል፤ ምናልባትም ሌባ ሊለው የነበረው ወንድሙ ሆኖ ያገኘዋል።