የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ወይስ አውቶማቲክ የሻይ ማፍያ? ከግዥ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

በመስሪያ ቤቶች ለሰራተኞች፣ ለስብሰባ ተካፋዮችና ለእንግዶች ሻይ ማቅረብ የተለመደ አገልግሎት ነው። ለዚሁ ተግባር ከሚገዙት መሳሪያዎች መካከል የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያና አውቶማቲክ የሻይ ማፍያ ይገኙበታል። ሁለቱም ውሃ የሚያፈሉ ቢሆኑም በአሰራር፣ በዋጋና በሚጠይቁት ጥገና ይለያያሉ። ያለበቂ ጥናት የተገዛ መሳሪያ ለመንግስት ገንዘብ ብክነት፣ አልፎ አልፎም ለቃጠሎ አደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የመሳሪያዎቹ አሰራር

የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ተግባር ውሃ ማፍላት ብቻ ነው። ውሃው ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ከሁለት ዓይነት ብረት የተሰራ ስስ ሰሌዳን አግሎ ያጣምመዋል፤ ሰሌዳው ሲጣመም ማብሪያው በራሱ ይጠፋል። በዚህ ዘዴ የሚሰራ ማንቆርቆሪያ በእንግሊዝ ሀገር በራስል ሆብስ ኩባንያ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው።

አውቶማቲክ የሻይ ማፍያ በበኩሉ ከማፍላት አልፎ ሻዩን ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእንግሊዝ ሀገር የታወቀው ‹‹ቲስሜድ›› ከሰዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በተሞላለት ሰዓት ውሃውን አፍልቶ በእንፋሎት ግፊት ቅጠሉ ወዳለበት ዕቃ ያስተላልፍ ነበር። በቅርብ ዓመታት ከተሰሩት አንዳንዶቹ ቅጠሉን በማጥለያ ወደ ፈላው ውሃ አውርደው፣ የተወሰነለት ደቂቃ ሲሞላ መልሰው ያወጡታል፤ ሻዩንም ለተወሰነ ጊዜ ሙቀቱን ጠብቀው ያቆያሉ።

የቦታ ከፍታ ተጽዕኖ

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባህር ወለል ላይ ነው። ከባህር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በእንፋሎት የሚጠፋው ማንቆርቆሪያ በዚህ ምክንያት አይቸገርም። በአንጻሩ ሙቀቱን በዲግሪ የሚቆጣጠር መሳሪያ 100 ዲግሪ ላይ ከተሞላ ውሃው ወደዚያ ሙቀት ስለማይደርስ ሳይጠፋ መፍላቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለሆነም እንዲህ ያለ መሳሪያ ከመረከብ በፊት በቦታው ተሞክሮ መታየት ይኖርበታል። ጥቁር ሻይም በደጋ አካባቢ ቅጠሉ በውሃው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ተጨማሪ ቢቆይ የተሻለ ጣዕም ይሰጣል።

ንጽህናው ለሚያጠራጥር ውሃ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2 ሺህ ሜትር ገደማ በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ለሦስት ደቂቃ ማፍላትን ይመክራል። ማንቆርቆሪያ ውሃው እንደፈላ ወዲያው ስለሚጠፋ ይህን መስፈርት በአንድ ጊዜ አያሟላም።

የኃይል ፍጆታና ደህንነት

አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 0.084 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ይህ መጠን በመሳሪያው ዓይነት አይለወጥም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አጠቃቀሙ ነው። ለሁለት ሲኒ 0.3 ሊትር በቂ ሆኖ ሳለ 1.7 ሊትር ማፍላት ከአምስት እጥፍ በላይ ኃይል ይፈጃል። ሻዩን ለረጅም ጊዜ እንዲሞቅ አድርጎ ማቆየትም ፍጆታውን ይጨምራል፤ ጣዕሙንም ያበላሻል። አፍልቶ በፔርሙስ ማስቀመጥ ከዚህ የተሻለ ነው።

ባለ 2 ሺህ ዋት ማንቆርቆሪያ በ220 ቮልት መስመር 9 አምፒር ያህል ይስባል። በመሆኑም ኮምፒውተርና ማተሚያ ከተሰኩበት ማራዘሚያ ጋር ሳይሆን፣ ብቻውን በግድግዳ ላይ ካለ የመሬት መስመር ካለው ሶኬት ጋር መያያዝ አለበት። ባዶውን ሲበራ በራሱ የሚጠፋ መሆኑም በግዥ መግለጫው ሊካተት ይገባል።

አያያዝና ጥገና

በማንቆርቆሪያ ውስጥ ከውሃ በስተቀር ስኳር፣ ቅጠል፣ ቅርንፉድም ሆነ ቀረፋ መጨመር አይገባም። ቅመሙ በሻይ ማንቆርቆሪያው ሳይሆን በሌላ ዕቃ ይዘጋጃል። በማሞቂያው ላይ የሚጋገረውን ነጭ ዝቃጭ በውሃ በተበረዘ ኮምጣጤ ወይም በሎሚ ማስለቀቅ ይቻላል። አውቶማቲኩ ማፍያ ማጥለያ፣ ሰዓትና ተጨማሪ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ስላሉት የበለጠ ጽዳት ይጠይቃል፤ መብራት ሲቋረጥም በአንዳንዶቹ የተሞላው ሰዓት ይጠፋል። መለዋወጫው በሀገር ውስጥ የማይገኝ ከሆነ አንድ ክፍል ሲበላሽ መላው መሳሪያ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል።

የትኛው ለማን?

የሻይ ፍላጎታቸው የተለያየ ጥቂት ሰራተኞች ላሉበት ቢሮ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ተመራጭ ነው። አውቶማቲኩ ማፍያ ጠቀሜታ የሚኖረው አንድ ዓይነት ሻይ በተወሰነ ሰዓት ለጥቂት ሰዎች በየዕለቱ በሚቀርብበት፣ መለዋወጫና ባለሙያም በሚገኝበት ቦታ ነው። ሰላሳ ሰዎች ለሚካፈሉበት ስብሰባ በሲኒ 150 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ 4.5 ሊትር ስለሚያስፈልግ፣ ከሁለቱም ይልቅ ባለቧንቧ ትልቅ የውሃ ማፍያ ይሻላል።

ግዥ ጠያቂው ክፍል የተጠቃሚውን ቁጥር፣ የሶኬቱን አቅም፣ የዋስትናውን ጊዜና የመለዋወጫውን አቅርቦት አስቀድሞ በጽሁፍ ቢያሰፍር፣ ዋጋ የሚወዳደረው የመስሪያ ቤቱን ፍላጎት በሚያሟሉ መሳሪያዎች መካከል ብቻ ይሆናል።