ስለ አይሮፕላኑ መውደቅ የተባለው ነገር

በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አይሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀ ጊዜ፥ የ157ቱ ነፍሳት ለቅሶ ሳይበርድ ምክንያት ተናጋሪው በዛ። ጭስ ሲጎትት አየነው ያሉ ባላገሮች ነበሩ፤ ወፍ ነው ያለም ነበረ፤ በባሕር ማዶ ግን ጥፋቱን በሟቾቹ አብራሪዎች ላይ ለመጣል የቸኮሉ ብዙዎች ነበሩ። ዳሩ ግን አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ አስቀድሞ በኢንዶኔዥያ ባሕር 189 ሰዎች ያለቁበት አይሮፕላን የዚያው የቦይንግ ማክስ ወገን ነበረ። በሁለቱም ላይ፥ የአንዲት መለኪያን የተሳሳተ ምልክት አምኖ አፍንጫውን ወደ ምድር የሚደፋ ሥርዓት ተገኘ።

መለኪያዪቱንስ ምን አበላሻት? በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መርማሪዎች አይሮፕላኑ ሲሠራ የገባ የኤሌክትሪክ ጉድለት ነው አሉ፤ አሜሪካኖችና ፈረንሳዮች ግን ወፍ ሳይመታት አልቀረም ብለው ጻፉ። የመጀመሪያው ቀን የመንገድ ወሬ በሊቃውንት ቃል ተመለሰ ማለት ነው! የውጫሌ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአገሩ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ፈቃድ፥ በኢጣልያንኛ ግን ግዴታ ሆኖ መገኘቱን ያውቃልና። አፍንጫውን የደፋው ሥርዓት በሁለቱም ወገን ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ አሜሪካኖቹ ግን የአብራሪዎቹን ሥራ ጨምረው ይወቅሳሉ፥ እነርሱም መልስ አይሰጡም።