ባቡር ተመልካቾች፤ ከሐዲድ ዳር እስከ ካሜራ

ስለ ባቡር የተጻፉ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ሐዲዱን ስላነጠፉት መሐንዲሶችና በሠረገላው ስለ ተሳፈሩት ታላላቅ ሰዎች ነው። ዳር ቆሞ ስለሚያየው ሰው ግን የሚያወሱት ጥቂት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ተመልካች አንዳንድ ነገር ለመናገር አስቤአለሁ፤ ይህ ሰው ዛሬ በቤቱ ተቀምጦ ከውቅያኖስ ማዶ የሚያልፈውን ባቡር በዚያው ደቂቃ ለማየት በቅቶአልና። የአገራችን ናቸው ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በ1829 በእንግሊዝ አገር ሬንሂል በተባለ ስፍራ የባቡር ሞተሮች ውድድር በተደረገ ጊዜ ከ10,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው የሚሳፈር አልነበረም፤ የመጣው ለማየት ነው። ውድድሩን ያሸነፈው የስቲቨንሰን «ሮኬት» ነው። ይኸው «ሮኬት» በዓመቱ፣ መስከረም 15 ቀን 1830፣ የሊቨርፑልና የማንቸስተር መሥመር ሲመረቅ ዊልያም ሃስኪሰን የተባለውን የምክር ቤት አባል ገጨው። ባቡሩ ውሃ ለመቅዳት በቆመበት ጊዜ ሃስኪሰን ከሠረገላው ወርዶ ከዌሊንግተን መስፍን ጋር ለመነጋገር በሐዲዱ ላይ ሲሄድ ነበር በሌላው ሐዲድ የመጣው «ሮኬት» የደረሰበት። በዚያው ምሽት ሞተ። ሃስኪሰን አላዋቂ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን የፈረስን እንጂ የባቡርን ፍጥነት መገመት የለመደ ዐይን ከወዴት ይገኛል?

ከዚህ በኋላ ያለውን መቶ ዓመት ዘልዬ እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ ወደሚመለከተው ሰው እሄዳለሁ። ኢያን አለን በ1922 ተወለደ። በ15 ዓመቱ በደረሰበት አደጋ አንድ እግሩ ተቈረጠ። ከዚያም ለንደን ውስጥ በዋተርሉ በደቡብ የባቡር ኩባንያ ጽሕፈት ቤት ገባ። ሥራው ስለ ባቡር ሞተሮች ለሚጠይቁ ሰዎች ደብዳቤ መመለስ ነበር። ጠያቂዎቹ እጅግ ብዙ ነበሩ፤ የሚጠይቁትም ተመሳሳይ ነገር ነው፦ የዚህ ሞተር ቍጥር ስንት ነው? የዚያስ ስሙ ማን ይባላል? ወጣቱ ጸሐፊ አንዱን መልስ ሺህ ጊዜ ከመጻፍ የሞተሮቹን ዝርዝር በትንሽ መጽሐፍ ማሳተም ይሻላል ብሎ ለአለቆቹ አሳሰበ። አለቆቹ አልተቀበሉትም። እርሱም በ1942 በራሱ ገንዘብ 2,000 ቅጂ አሳትሞ አንዱን በአንድ ሽልንግ ሸጠ፤ መጽሐፉም ወዲያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ልጆች መጽሐፉንና እርሳስ ይዘው በየጣቢያው ይቆሙ ጀመር፤ ያዩትን ሞተር ቍጥር ከሥሩ ያሰምሩበታል። በ1944 ታምወርዝ በተባለ ከተማ ልጆች ወደ ሐዲድ እየገቡ አስቸገሩ ተብለው በተከሰሱ ጊዜም ኢያን አለን ማኅበር አቋቋመላቸው። የማኅበሩ አባል ወደ ሐዲድ ላለመግባት ቃል መስጠት ነበረበት።

ዘመኑ የጦርነት ዘመን እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። በዚያው በ1942 ከጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ስምንት ሰዎች በስውር ወደ አሜሪካ ገብተው ተያዙ። እንዲያፈርሱ ከታዘዙት ስፍራዎች አንዱ በፔንሲልቫንያ በአልቱና ከተማ አጠገብ ያለው፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈው የባቡር መሥመር ነው። ይህ መሥመር በ1854 የተከፈተ ሲሆን ባቡሩ ሸለቆውን እየዞረ ወደ ተራራው ይወጣበታል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ በሐዲድ ዳር ቆሞ ቍጥር የሚጽፍ ሰው በሰላይነት ቢጠረጠር አያስደንቅም።

ዛሬ በዚያው በአልቱና መታጠፊያ ካሜራ ተተክሎአል፤ በዓለም ያለ ማንም ሰው በኢንተርኔት ሊያይበት ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር የጀመረው በባቡር ሳይሆን በቡና ማፍያ ነው ብል ትስቁ ይሆናል። በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት ቡናው ማለቁን ከወንበራቸው ሳይነሡ ለማወቅ ብለው በማፍያው ላይ ካሜራ አቆሙ፤ ሥዕሉም በ1993 በኢንተርኔት ለሁሉ ታየ። የባቡሩ ካሜራ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሌሊትም ቀንም ያያል፤ ድምፅም ያሰማል። በኢሊኖይ በሮሼል ከተማ ሁለት ታላላቅ መሥመሮች በሚቋረጡበት ስፍራ ጐማው የሐዲዱን መገናኛ ሲመታ የሚሰማው ኳኳታ ከሥዕሉ ይልቅ ደስ ያሰኛል። በአልቱና ደግሞ ረጅሙ የዕቃ ባቡር ሲታጠፍ ራሱ በአንድ ወገን፣ ጅራቱ በሌላው ወገን ሲሄድ ይታያል፤ ከኋላው የሚገፉት ሞተሮችም አሉ። የእኛ ምሽት 1 ሰዓት በእነርሱ በጋ እኩለ ቀን ስለሆነ ከጥናት በኋላ ለማየት የተመቸ ነው።

ይህ ካሜራ የሃስኪሰንን አደጋና የታምወርዝን ክስ አስቀርቶአል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንድ የሚጐድለው ነገር አለ። ሥዕሉ በቀጥታ ሲተላለፍ ተመልካቹ ወደ ኋላ መልሶ ሊያይ የሚችለው ብዙ ጊዜ እስከ 12 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ማንም ካላስቀረው በቀር የቀረው ይጠፋል። የእንግሊዝ ልጆች በእርሳስ የጻፉአቸው ደብተሮች ግን በ1968 የእንፋሎት ባቡር ከአገሪቱ መደበኛ መሥመሮች ከወጣ በኋላ የትኛው ሞተር የት ይሠራ እንደ ነበረ ለመመርመር ጠቀሙ። ስለዚህ በእኔ ግምት ካሜራው የጣቢያውን መድረክ ተክቶአል እንጂ ደብተሩን አልተካም።

በአገራችንም የባቡር ተመልካች አልጠፋም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በአሮጌው መሥመር ባቡር ሲቆም የጣቢያው ሰው በመስኮቱ ሥር ተሰልፎ ምግብና ፍራፍሬ ይሸጥ ነበር፤ ተመልካቹ ነጋዴም ነበረ ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ያሉ በመሆናቸው እንደ ለገሃሩ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም የሚያየው አይደለም። ድሬዳዋ በሚገኘው በአሮጌው የባቡር ወርክሾፕ ያረጁት ሞተሮች ቆመዋል፤ ቍጥራቸውም እስከ ዛሬ በጐናቸው ላይ የሚነበብ አለ።